ሻንጣው የሚታሰረው ለሦስት በር ነው፦ ወደ ኩባ ለሚሄዱ የጉምሩክና የጓዝ ምክር

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሻንጣ ነው። ከ1979 ጀምሮ ለትምህርት ወደ ኩባዋ ወጣቶች ደሴት የተላኩት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ዛሬ ሃምሳን ተሻግረዋል። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ብዙዎቹ ያስተማሯቸውንና ያሳደጓቸውን ሰዎች በሕይወት ሳሉ ለማየት ይፈልጋሉ፤ ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱም አሉ። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከቴል አቪቭ የሚነሳው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ምን ልያዝ? ጉምሩክ ምን ይለኛል?

ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለሃቫና ጉምሩክ ብቻ ነው። ሻንጣው ግን ሦስት በር ያልፋል። መጀመሪያ አውሮፕላን የሚቀየርበት አገር አለ፣ ቀጥሎ ሃቫና፣ በመጨረሻም የመመለሻው አገር። በሃቫና ፍጹም ሕጋዊ የሆነ ዕቃ ማያሚ ላይ ይወረሳል፤ ለማድሪድ ያልታሰበበት ጠርሙስ ማድሪድ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ሻንጣ ውስጥ ስታስቀምጡ ሦስቱንም በር አስቡ።

ከወረቀቱ ልጀምር፤ ወረቀቱ ካልተሟላ ሻንጣው ከቤትም አይወጣም። የወረቀቱ የቱሪስት ካርድ በኤሌክትሮኒክ ቪዛ ተተክቷል። ቪዛው ከወጣ በኋላ ዲቪያሄሮስ የሚባለውን የኩባ መንግሥት ቅጽ በኢንተርኔት መሙላት አለ። ቅጹ የሚሞላው ከመድረሻው ቀን በፊት ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ ነው፤ ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ትክክለኛው አይደለም። የጉምሩክ መግለጫውም እዚያው ውስጥ ስላለ ሞልታችሁ ስትጨርሱ የሚመጣውን ኪውአር ኮድ ስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት፤ በወረቀት አትሙት። ሃቫና ስትደርሱ ኢንተርኔት ላይኖር፣ የስልኩም ባትሪ ሊያልቅ ይችላል።

በስም አጻጻፍ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ነውና። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ቅጹ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኩባውያን ደግሞ ሁለት አላቸው። አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ከተሞላ ቲኬቱ፣ ቪዛውና ቅጹ የሦስት ሰው ይመስላሉ። መፍትሔው ከፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ ስሙ እንዴት እንደተከፈለ ማየትና በሁሉም ቦታ ያንኑ መገልበጥ ነው።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ያስፈልገዋል። ኩባ በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ፣ ከ12 ሰዓት በላይ በእነዚህ አገሮች ኤርፖርት የቆየውንም ጨምሮ፣ ካርዱን ትጠይቃለች። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ 10 ቀን በኋላ ነው፤ ጉዞው ሊደርስ ሲል መሮጥ ዋጋ የለውም። ከዚህ በፊት የተከተባችሁ ካርዱ ላይ የአሥር ዓመት ገደብ ቢኖርም አትጨነቁ፤ ከ2016 ወዲህ ክትባቱ ዕድሜ ልክ ይጸናል። ኩባን የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ከሜይ 2010 ጀምሮ ግዴታ ነው። «ዓለም አቀፍ» የሚል ኢንሹራንስ ሁሉ ኩባን አይሸፍንም፤ የአገሪቱ ስም ሰነዱ ላይ ይጻፍ።

በማድሪድ፣ በፓሪስ ወይም በፍራንክፈርት የምታልፉ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዢዎች ደግሞ ከኤርፖርቱ ባትወጡም የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የአውሮፓ የሸንገን አገሮች ይህን ቪዛ በሚጠይቁበት የጋራ ዝርዝር ውስጥ ካሉት አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። የሸንገን፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ የጸና ቪዛ ወይም መኖሪያ ያለው ከዚህ ነጻ ነው። ይህን ሳያውቅ ቲኬት የገዛ ሰው ቦሌ ላይ ከመሳፈሩ በፊት ይመለሳል፤ ቲኬቱም አብሮት ይከስራል።

አሁን ወደ ዋናው ሻንጣ እንግባ፤ ወደ መድኃኒቱ። ኩባ ውስጥ ያለው የመድኃኒት እጥረት የታወቀ ነው፤ ከፓራሲታሞል ጀምሮ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ድረስ ይጠፋል። ለምትወዱት ሰው ከምትይዙት ስጦታ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። የቆየው ደንብ አንድ መንገደኛ እስከ 10 ኪሎ መድኃኒት ያለ ቀረጥ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ሁለት ግዴታዎች አሉት። መድኃኒቱ በፋብሪካው ማሸጊያ መሆን አለበት፤ ከሌላው ዕቃም ተለይቶ መታሰር አለበት። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ደግሞ ምግብ፣ የንጽሕና ዕቃና መድኃኒት ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ የሚፈቅድ ጊዜያዊ ደንብ ወጥቶ በየጊዜው እየታደሰ ቆይቷል። ጊዜያዊ ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ያኔ በሥራ ላይ መሆኑን በአዲስ አበባ ካለው የኩባ ኤምባሲ ወይም ከኩባ ጉምሩክ ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ሁለቱን ግዴታዎች ቀለል አድርጋችሁ አትዩአቸው፤ ሰው የሚቸገረው እዚሁ ላይ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ክኒኑን ከካርቶኑ አውጥቶ በፌስታል የሚያደርግ አለ። ፈታሹ በራጅ የሚያየው ስም የሌለው ክምር ነው፤ ሲከፍተውም ምን እንደሆነ፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሠራው የሚነግረው የለም። በሕጉ መሠረት መድኃኒት ብሎ ሊቀበለው አይችልም። ካርቶኑን ይዛችሁ ኑ። ክብደቱ ከምታስቡት ያነሰ ነው፦ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል 1,000 ፍሬ ከነማሸጊያው አንድ ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው።

መለየት ማለት ደግሞ ከሻንጣው አንድ ጥግ ማኖር አይደለም። መድኃኒቱ ለብቻው ሻንጣ ወይም ለብቻው የሚዘጋ ቦርሳ ይኑረው፤ ምግቡ ሌላ፣ ሳሙናውና ሞዴሱ ሌላ። በየቦርሳው ላይ በስፓኒሽ «ሜዲካሜንቶስ»፣ «አሊሜንቶስ»፣ «አሴዎ» የሚለውን በትልቁ በስፓኒሽ ፊደል ጽፋችሁ ለጥፉ። ቦርሳው ሲከፈት ከላይ የሚገኝ አንድ ገጽ ዝርዝር ጨምሩበት፦ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም፣ መጠኑ፣ ብዛቱ። ተቀላቅሎ የመጣ ሻንጣ ግን በጠቅላላው ይመዘናል፤ ነጻ መሆን የነበረበት መድኃኒት ከልብሱና ከጫማው ጋር ቀረጥ ይቆጠርበታል።

የራሳችሁ መድኃኒት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በእጅ ሻንጣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይሁን። ኢንሱሊን በፍጹም ወደ ዕቃ ክፍል አይላክ፤ እዚያ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ አንዴ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይሠራም። ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ዳያዜፓምና መሰሎቻቸው ለራሳችሁ ከታዘዘው በላይ አይያዙ፤ ለሰው ስጦታም አይሁኑ። የካናቢስ ዘይትና ካናቢስ ያለበት ከረሜላ በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች በሱቅ ቢሸጥም በኩባ ዕፅ ነው፤ ቅጣቱም ረጅም እስር ነው። ጫትም እንዲሁ ቤት ይቅር፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ያለበት ነው፤ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና አሜሪካም ይከለክሉታል፤ ገና መጀመሪያው በር ላይ ያስይዛችኋል።

ቀጥሎ ቡና፤ ያለ ቡና የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የለምና። ጥሬ ቡና አትያዙ። ዘር ነው፤ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል፤ ከሌለው ይወሰዳል። ኩባ ራሷ ቡና አብቃይ ናት፤ በምሥራቁ ተራሮች ላይ ያለውን ቡናዋን ከበሽታና ከተባይ ለመጠበቅ የምታደርገው ነውና ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ቆልታችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ የፋብሪካ ስም ባለው የታሸገ ከረጢት ያዙ። የአፈጫጨቱን ልክ ልንገራችሁ። ኩባውያን ቡና የሚያፈሉት ካፌቴራ በሚሉት፣ ከታች ውኃ ከላይ ቡና በሚይዘው የብረት ማፍያ ነው። ለጀበና እንደምናደርገው በጣም የደቀቀ ዱቄት ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ በጎን ያፈስሳል። ስለዚህ ስታስፈጩ ከጀበናው ትንሽ ሻከር፣ በወረቀት ከሚጠለለው ደቀቅ ይበል። በራሽን የሚታደለው የኩባ ቡና በአተር ዱቄት የተቀላቀለ ነው፤ ንጹሕ የይርጋ ጨፌ ወይም የሐረር ቡና ከረጢት ተከፍቶ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ለሰዎቹ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

በርበሬና ሽሮ በፋብሪካ እሽግ ከሆኑ ለራሳችሁ ያዙ። ለስጦታ ግን አይሆኑም፤ የኩባ ምግብ የሚያቃጥል ነገር የለውም። ቤት የተነጠረ ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ግን አይነሱ። የእንስሳት ተዋጽኦ በመሆናቸው ኩባ ላይ የእንስሳት ጤና ቁጥጥር ይይዛቸዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት አያስገባም።

በብዛት ስለተያዘ አንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ነገር ልጨምር። የኩባ ጉምሩክ ዕቃው ለግል ነው ወይስ ለንግድ የሚለውን የሚመዝነው በዋነኝነት በተደጋጋሚነቱ ነው። አሥር ዓይነት ልብስ ችግር የለውም፤ አሥር አንድ ዓይነት ስልክ ግን ንግድ ነው፤ ሊወረስም ይችላል። ድሮን፣ የሳተላይት ስልክ፣ የሬዲዮ መገናኛና በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይገቡም። ድሮን ይዞ የተገኘ ሰው ኤርፖርት አስቀምጦ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ሲወጣ ያንን ደረሰኝ አሳይቶ ነው የሚረከበው። የሳተላይት ኢንተርኔት መቀበያ ደግሞ ጨርሶ አታስቡት።

መብራት። በኦክቶበር 2024 በማታንሳስ ያለው የአንቶኒዮ ጊቴራስ ኃይል ማመንጫ ሲቋረጥ የአገሪቱ መረብ በሙሉ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህም መብራት መጥፋቱ የየዕለት ኑሮ ነው። በግንባር የሚታሰር ባትሪና ፓወር ባንክ ያዙ፤ ለአስተናጋጃችሁም ትርፍ ብታመጡ ደስ ይላቸዋል። ፓወር ባንክ የሚገባው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ልኩን አየር መንገዶች በዋት አወር ነው የሚያዩት፦ ሚሊአምፒር አወሩን በ3.7 አባዝታችሁ ለ1,000 ማካፈል ነው። ባለ 20,000 የሚባለው 74 ዋት አወር ይመጣል፤ ያልፋል። ባለ 30,000 ግን 111 ነው፤ ከ100 ስለበለጠ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከ160 በላይ የሆነ፣ ቤት የሚያበራ ዓይነት ትልቅ ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይጫንም። ጽሑፉ የጠፋበትን ፓወር ባንክ ተቆጣጣሪው ሊያሰላው ስለማይችል ይወስደዋል።

የቤቱ መብራት በብዛት 110 ቮልት ነው፤ ሶኬቱም እንደ አሜሪካው ለሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ የተሠራ ነው። ብዙ ሆቴሎች ደግሞ 220 አላቸው፤ አንዳንዱ ክፍል ሁለቱንም ጎን ለጎን ይዞ ከላይ ምልክት ተጽፎበታል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ «100–240» ካያችሁ አዳፕተር ብቻ ይበቃችኋል። ከአዲስ አበባ የሄደ 1,000 ዋት ካውያ ግን 110 ላይ ሲሰካ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሸሚዝ አይተኩስም። ከአሜሪካ የሄደው ደግሞ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። እነዚህን ቤት ተዉአቸው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ባንክ የተሰጠ ካርድ ኩባ ውስጥ አይሠራም፤ ለጉዞው በሙሉ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ መያዝ ግድ ነው። ዩሮ ይሻላል፤ ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበት፣ አነስ አነስ ያለ ኖት ይሁን። ከ5,000 ዶላር ወይም ከተመጣጣኙ በላይ የያዘ ሲገባ ማስመዝገብ አለበት። ሳያስመዘግብ የገባ ሰው ሲወጣ ከ5,000 በላይ ይዞ መውጣት አይችልም፤ የራሱ ገንዘብ መሆኑን የሚያሳይበት ወረቀት የለውምና። ከኢትዮጵያ የሚነሳም ዶላሩን ከባንክ የገዛበትን ማስረጃ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ። ሁለቱ የኩባ ገንዘቦች የነበሩበት ዘመን አልፏል፤ ኮንቨርቲብል ፔሶ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ቀርቷል። ከድሮ ጉዞ የተረፈ ካላችሁ ማስታወሻ ነው፤ መንገድ ላይ እሱን ሊመነዝርላችሁ የሚመጣ ሰውም አታላይ ነው።

ልብሱ ቀላል ነው፤ ጥጥ ይበቃል። ክረምት ብለን የምንይዘው ሹራብ ለአውሮፕላኑና ለትራንዚቱ ብቻ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ በዚያ ጊዜ ለሚሄድ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ለሰነዶቹ ይጠቅማል። ትንኟን ግን አትናቁ። ደንጊ አለ፤ በ2024 ደግሞ ኦሮፑሽ የተባለው ትኩሳት ገብቷል። የሁለቱም ዋና መከላከያ ዲት የሚባለው ትንኝ አባራሪ ንጥረ ነገር ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለበት የሚቀባ መድኃኒትና እጅጌው ረጅም ልብስ ነው። የደንጊ ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው፤ አጎበር ብቻውን አያድንም። የሽንት ቤት ወረቀት፣ ሳሙና፣ ሞዴስና የፀሐይ ቅባት እዚያ እገዛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ካርታውንና የስፓኒሽ መዝገበ ቃላቱን ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ ጫኑ።

ሃቫና ስትደርሱ ከፓስፖርቱ መስኮት በኋላ የእጅ ሻንጣው በራጅ ያልፋል። ትልቁ ሻንጣ እስኪመጣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ምልክት የተደረገበት ከሆነ ለፍተሻ ትጠራላችሁ፤ ያኔ ዝርዝሩን አውጥታችሁ ሦስቱን ቦርሳዎች ለየብቻ አሳዩ። ወደ ወጣቶች ደሴት የምትቀጥሉ ደግሞ ወደ ኑዌቫ ሄሮና የሚሄደው ትንሽ አውሮፕላንም ጀልባም ጓዝ እንደማይወድ አስቡ፤ ለደሴቱ የሚሆነውን ከቤት ስትነሱ በአንድ ቦርሳ ለይታችሁ ሌላውን ሃቫና ተዉት።

መመለሻው ላይ የአሜሪካና የአውሮፓ መንገድ ይለያያል። የአሜሪካ ዜጋም ሆነ ግሪን ካርድ ያለው፣ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ቢሆንም፣ በአሜሪካ ሕግ ሥር ነው፤ ለሽርሽር ብቻ ኩባ መሄድ አይፈቀድለትም። ከተፈቀዱት 12 ምክንያቶች አንዱን መያዝ አለበት። ብዙዎች የሚጠቀሙት የኩባን ሕዝብ መደገፍ የሚለውን ነው፤ ይህም በግለሰብ ቤት ማደርን፣ ከግለሰብ ነጋዴ መግዛትንና ቀኑን በዚሁ ሥራ ማሳለፍን ይጠይቃል። ደረሰኞቹንና የየቀኑን ፕሮግራም ያስቀምጡ፤ በ2025 ሥራ ላይ በዋለው ለውጥ የማቆያው ጊዜ ከ5 ወደ 10 ዓመት አድጓል። የኩባ ሲጋራና ሮም የሚባለው የሸንኮራ አገዳ መጠጥ ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ ለግል መጠቀሚያም ቢሆን ወደ አሜሪካ በሻንጣ አይገባም፤ አንዲት ጠርሙስም ብትሆን።

የስዊድን፣ የጀርመን፣ የእስራኤል ወይም ያለ ቪዛ አሜሪካ የሚያስገባ ሌላ ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ ይህን ጻፉልኝ። ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ወዲህ ኩባ የረገጠ ሰው ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኢስታ የሚባለውን ቀላል ፈቃድ መጠቀም አይችልም። መግባት አይከለከልም፤ ግን እንደማንኛውም ሰው ኤምባሲ ቀርቦ ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል። አሜሪካ ያለ እህቱን ሠርግ የሚጠብቅ ሰው ይህን ማወቅ ያለበት ወደ ኩባ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ነው።

ኩባ ስትወጡ የተጠቀለለውን ትልቁን ሲጋራ እስከ 20 ፍሬ ያለ ሰነድ ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ። እስከ 50 የሚሆነው በፋብሪካው ሣጥን፣ ሳይከፈት፣ ሆሎግራሙ ተለጥፎበት መሆን አለበት፤ ከ50 በላይ የሱቁ ደረሰኝ ይጠየቃል። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ሣጥን የሚያዘው በዚህ ነው፤ ተለጣፊው ወይ የለም ወይ የሐሰት ነው። ሥዕል ከገዛችሁ ሻጩ ከባህል ቅርስ መዝገብ የሚሰጠውን የመውጫ ፈቃድ አብሮ ይስጣችሁ። በምሥራቅ ኩባ በባራኮዋ አካባቢ በቢጫ፣ በቀይና በነጭ የተሸረቡ የሚመስሉ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች አንገት ጌጥ ሆነው ይሸጣሉ። ፖሊሚታ ይባላሉ፤ ከዚያ ምድር በቀር የትም የሉም። የእንስሳቱ መጥፋት ስላሰጋ በ2016 ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት የንግድ እገዳ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። የኤሊ ቅርፊት ማበጠሪያም እንዲሁ የተከለከለ ነው። እባካችሁ አትግዙ፤ ሲገዛ ነው የሚለቀመው።

ሮም በዕቃ ክፍል ለመላክ ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በፋብሪካ ጠርሙሱ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይጫናል። አውሮፓ የምትቀሩ ከሆነ ግን ያለ ቀረጥ የሚገባው 1 ሊትር ጠንካራ መጠጥና 50 ትልቅ ሲጋራ ነው። ኤርፖርት ውስጥ ገዝታችሁ በእጅ የምትይዙት ከሆነ ሱቁ ደረሰኙ ውስጡ እንዲታይ አድርጎ ቀይ ጠርዝ ባለው ከረጢት ያሽግላችሁ። ማድሪድ ላይ እንደገና ፍተሻ አለ፤ ከ100 ሚሊሊትር በላይ የሆነው ፈሳሽ የሚያልፈው ከረጢቱ ካልተከፈተ ብቻ ነው። ብርጭቆ ቢቀርብላችሁም፣ የምትጋብዙት ሰው ቢገኝም፣ ቦሌ እስክትደርሱ አትክፈቱት።